አራቱ የምሥራቅ ክንፎች

ያን ዕለት ጠዋት ፋንታሁን ከመኝታ ቤቱ ሲወጣ ሳሎኑ በእርጥብ ፈትል ታጥሮ ጠበቀው። አክስቱ ዓይናዲስ ከመስኮቱ ብረት እስከ ቁም ሣጥኑ እጀታ ሦስት ገመድ ወጥራ ቱባ ቱባውን ሰቅላዋለች። ነጩ በአንድ በኩል፣ ለጥበብ የሚሆነው ቀይና አረንጓዴ በሌላ በኩል ተንጠልጥሎ ቴሌቪዥኑን ሸፍኖታል፤ ቀዩ ቀለሙን እየለቀቀ ከሥሩ በተነጠፈው ላስቲክ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ሚስቱ ጽጌሬዳ ሦስት ብርጭቆ ሻይና አንድ ሳህን ዳቦ ይዛ በገመዶቹ ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣም እንደዚያው ጎንበስ ብላ ወደ ማድ ቤት ተመለሰች። የሐምሌ ጭጋግ ሰፈራቸውን ፀዳን ከነመንገዷ ውጧት ስለነበር ውጭ ማስጣት እንደማይቻል ሁሉም ያውቃሉ።

«ምን አገኘው ይሄ ሁሉ?» አለ ፋንታሁን የአንዱን ቱባ ጫፍ በጣቱ እየጨመቀ።

«ዝናብ» አለች ዓይናዲስ።

«ከባጃጅ ስትወርጂ ነው?»

«ዝናብ ነው አልኩህ እኮ። ሻይህ ቀዘቀዘ።»

በዚያው አበቃ። በዚህ ቤት ወሬ ብዙ ጊዜ የሚያበቃው እንዲህ ነው። ወንድሟ ሲሞት ዓይናዲስ የሰባት ዓመቱን ፋንታሁንን ወስዳ፣ ፈትል እየሸጠች አስተምራ ለአርክቴክትነት አብቅታዋለች፤ እሱም ይህን ቤት ሲሠራ ከዕቃ ሁሉ መጀመሪያ ያስገባው የእሷን አልጋ ነው። እንዲህ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ግን ስለ ውሏቸው አይጠያየቁም። እሱ ገበያውን እንድትተው ሁለት ጊዜ ለምኗት ሁለት ጊዜ እምቢ ስላለችው፣ ሦስተኛ ላለመለመን ሲል ስለ ንግዷ ማንሣቱን ራሱ ትቶታል፤ አሁን የት እንደምትሸጥም አያውቅም። እሷ ደግሞ ስለ ቢሮው ብትጠይቀው የማይገባኝን ነገር ይመልስልኛል፣ ከዚያ አፍራለሁ ብላ ትፈራለች። ስለዚህ ማታ ማታ «እንዴት ዋልሽ?» «ደህና፤ አንተስ?» «ደህና» ተባብለው ራት ይበላሉ።

ሻዩን ጠጥቶ እንደጨረሰ ስልኩ ጮኸ። ዓይናዲስ ከፈትሉ መጋረጃ ጀርባ ቁጢጥ ብላ የታችኛውን ቱባ ትገለብጥ ነበር፤ እሱ ወደ ጓሮ የወጣች መስሎታል።

«የለም፣ የምሥራቆቹ አራት ክንፎች ሰው የላቸውም ነው የምልህ» አለ ለደወለለት ሰው። «አራት ወር ሙሉ ዳታውን ሳየው ከርሜአለሁ፤ ባዶ ነው። ዛሬ በስምንት ሰዓት ኮሚቴው ለርክክብ ሲመጣ ነቅለን መኪና ማቆሚያው ላይ እንትከላቸው እላለሁ... ማንን እናፈናቅላለን? ሰው የለም እኮ!»

ከዚያ ቦርሳውን አንሥቶ፣ ለጽጌሬዳ «ደህና ዋይ» ብሎ ወጣ። ዓይናዲስ እርጥቡን ቱባ በሁለት እጇ እንደያዘች ቀረች። አራት ወር ሙሉ የተቀመጠችው አሥረኛው ክንፍ ሥር ነው። አሥረኛው ክንፍ ደግሞ ከምሥራቆቹ አራት አንዱ ነው።

ከጎንደር ፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተሠራው አዲሱ ገበያ ጣሪያው ከአሥራ ሁለት ትልልቅ ሸራዎች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሸራ በአንድ የብረት ምሰሶ አናት ላይ ይዘረጋል፤ ሰው ሁሉ ክንፍ ይለዋል። ፀሐይ ሲሆን ክንፎቹ ተሰብስበው ብርሃን ያስገባሉ፤ ዝናብ ሲመጣ ሞተር ስቦ ይዘጋቸዋል። የምረቃው ቀን በድምፅ ማጉያ «የሚያስብ ጣሪያ» ተብሎ ተነገረለት፤ ፋንታሁንም መድረክ ላይ ወጥቶ አበባ ተሰጠው። ዓይናዲስ ከሕዝቡ መሐል ቆማ ነበር። ከጎኗ ለነበሩት ፈትል ሻጮች «የወንድሜ ልጅ ነው» ልትል አፏ ላይ ደርሶ፣ መጀመሪያ ጣሪያውን ተቀምጬበት ልየው ብላ ዋጠችው። በሳምንቱ ዘነበ። ስምንቱ ክንፎች ተዘጉ፤ ፈትል ተራው ያለባቸው አራቱ እንደተከፈቱ ቀሩ። በሚቀጥለውም ዝናብ እንዲሁ። ሴቶቹ ተበላሽቶ ነው ብለው ሁለት ጊዜ ማመልከቻ አስገቡ፤ «ይታያል» ተባሉ። ላስቲክ ቢያለብሱ ንፋስ ይወስደዋል። የዘነበ ዕለት ዓይናዲስ ፈትሏን የጓደኛዋ የሐረገወይን ቤት ስታሰጣ ከርማ ነበር፤ ትናንት ግን በረዶ የቀላቀለው ዝናብ የሁለቱንም አንድ ላይ ስለመታው የሐረገወይን ቤት አልበቃ አለ። ያንን ነው ይዛ የገባችው።

«እትዬ፣ ደረቅ ያለውን ላጣጥፍልዎት?» አለች ጽጌሬዳ ከማድ ቤት በር ላይ ቆማ። የስልኩን ንግግር እሷም ሰምታለች። ሁለቱም መስማታቸውን ያውቃሉ።

«ተይው ልጄ፤ ራሴ ስመለስ አጣጥፈዋለሁ። ያልረጠበውን ብቻ ነው ይዤ የምወጣው።»

ጽጌሬዳ የራሷን የዝናብ ልብስ ከበሩ ጀርባ አውርዳ አለበሰቻት፤ ቁልፎቹንም አንድ ባንድ ቆለፈችላት። ዓይናዲስ እስከ አዘዞ በባጃጅ፣ ከአዘዞ በሚኒባስ ስትሄድ በመስኮቱ ምንም አላየችም። ጎኗ የተቀመጠው ሰውዬ ስለ ሽንኩርት መወደድ ሲያወራት «አዎ፣ አዎ» ስትለው ነበር። «ሰው የለም እኮ» የሚለው ግን ከጆሮዋ አልወጣም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ ስድብ ላለ ሰው ነው።

ገበያ እንደደረሰች ወደ ቦታዋ አልሄደችም። የጣሪያው ተቆጣጣሪ አስናቀው ወደሚቀመጥባት የቆርቆሮ ክፍል ሄደች። አስናቀው ድሮ የመብራት ጥገና ሠራተኛ የነበረ፣ ፀጉሩ ገብስማ ሰው ነው፤ አንድ ትልቅ ስክሪን ፊት ለፊት ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል።

«አስናቀው፣ የእኛ ክንፍ ተበላሽቶ ነው የማይዘጋው?»

«ኧረ ደህና ነው እትዬ ዓይናዲስ። ስላልታዘዘ ነው።»

«ማን ነው የሚያዘው?»

አስናቀው የሚጠይቀው ሰው አግኝቶ አያውቅም መሰል ደስ አለው። ወንበሩን ለቆላት ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረው። «ይሄ ገበያው ነው፣ ከላይ ሲታይ። ሰው እዚህ ሆኖ ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ፣ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ሲለቅ፣ በቴሌግራም ገበያ ነኝ ብሎ ሲጽፍ፣ የቆመበት ቦታ ላይ መብራት ይበራል። መብራት የበዛበትን ክንፍ ጣሪያው ይዘጋል። ባትሪው ደካማ ነው፤ በተለይ በክረምት ከስምንት ክንፍ በላይ ወጥሮ መያዝ አይችልም። ስለዚህ ይመርጣል።»

ዓይናዲስ ተጠግታ አየች። በምዕራብ በኩል፣ ጭማቂ ቤቱና ወጣቶች ፎቶ የሚነሡበት ደረጃ ያለበት ቦታ፣ እንደ ሠርግ ቤት ደጃፍ ደምቋል። መሐሉ ላይ እዚህም እዚያም ነጠብጣብ አለ። ምሥራቁ ጥቁር ነው። ጣቷን ጥቁሩ ላይ አሳረፈች።

«እኛ እዚህ ነን?»

«አዎ።»

«አርባ ሦስት ሰው ተቀምጦ?»

«ስልክ ነው የሚያየው እትዬ። ሰው አያይም።»

እሷ ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። አንዴ ቻርጅ ከተደረገ አራት ቀን ይቆያል፤ እስከዛሬ በዚህ ስትኮራ ኖራለች።

ወደ ፈትል ተራ ስትመለስ ሴቶቹ ላስቲካቸውን እየገለጡ ነበር። ሐረገወይን ኮሶዬ ላሉ ደንበኞቿ የምትልከውን ማግ በኪሎ እየመዘነች፣ «ምነው አረፈድሽ?» አለቻት። ዓይናዲስ ሳትቀመጥ፣ ቆማ፣ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። አራቱ ክንፎች ዛሬ ሊነቀሉ መሆኑን፣ ጣሪያው ስልክ እንጂ ሰው እንደማያይ፣ የቆርቆሮዋ ክፍል ውስጥ ባለው ካርታ ላይ ጥቁር ሆነው መቅረታቸውን ነገረቻቸው። ሴቶቹ መንጫጫት ጀመሩ። አንዷ የሠራውን ሰው እጁ ይድረቅ ልትል ስትጀምር ዓይናዲስ አቋረጠቻት።

«አትራገሚ። የሠራው የእኔ ልጅ ነው። የወንድሜ ልጅ፣ እኔ ያሳደግሁት።»

ልትራገም የነበረችው ሴት አማተበች።

«ምነው እስካሁን ዝም አልሽ?» አለች ሐረገወይን።

«አፈርኩ። በሱ አፈርኩ፣ ለሱም አፈርኩ። እዚህ መቀመጤን አያውቅም፤ አልነገርኩትም፣ አልጠየቀኝም።»

ሐረገወይን ማጉን ከሚዛኑ አወረደችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሐረገወይን ቶሎ የምትቆጣ፣ ቶሎ የምትበርድ፣ ከዚያም መላ የምታገኝ ሴት ናት። «ስልክ ከሆነ የሚፈልገው ስልክ እናምጣለታ» አለች። ቆጠሩ። ከአርባ ሦስቱ ሴቶች ባለ ካሜራ ስልክ ያላቸው ዘጠኝ ናቸው። ደንበኞቻቸው ግን አላቸው። ሸማኔዎቹ፣ ቀሚስ ሰፊዎቹ፣ ለሠርጋቸው ጥበብ የሚያስመርጡት ሙሽሮች፣ ሁሉም አላቸው። ሴቶቹ ባለ ቁልፍ ስልኮቻቸውን አውጥተው መደወል ጀመሩ። «ዛሬ ከስድስት ሰዓት በፊት ተራችን ድረስ ና፤ ፈትል ለመግዛት አይደለም፤ ፎቶ አንሥተህ ለአገር አሳይልን» እያሉ። አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ እሺ ብሎ ዘጋ።

መጡ። አምስት ሰዓት ላይ ከሸማኔዎቹ ስድስት ሰባቱ እግራቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ከሽመና ጉድጓዳቸው ተነሥተው መጡ። ሁለት እኅትማማች ቀሚስ ሰፊዎች ያለቀ ጥበብ ይዘው መጥተው ከቱባዎቹ ጎን ዘርግተው አነሡት። አንዲት ሙሽራ ከነሚዜዎቿ መጣች። ሐረገወይን እንዝርቷን እያሾረች በትከሻዋ እስክስታ ስትመታ የሚያሳየው ቪዲዮ ገና ከመለጠፉ ሰው ከፒያሳ በኩል «ይቺ ሴትዮ የት ናት?» እያለ ወረደ። ሁሉም የሚጽፉት አንድ ነገር ነው፤ ፈትል ተራ፣ ጎንደር። ዓይናዲስ በየሩብ ሰዓቱ ወደ አስናቀው ክፍል እየሄደች ታያለች። መጀመሪያ ሦስት ነጥብ። ቀጥሎ እፍኝ ሙሉ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሥራቁ ከጭማቂ ቤቱ በልጦ ይንቦገቦግ ነበር። አስናቀው ቆሎውን ረስቶታል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ካፊያ ጀመረ። ሴቶቹ እንደልማዳቸው ላስቲካቸውን ሲያነሡ ከላያቸው ጩኸት ሰሙ። ብረት ለብረት ሲፋተግ የሚያወጣው ረጅም ጩኸት ነው፤ አሥረኛው ክንፍ፣ ከምረቃው ቀን ወዲህ ነቅነቅ ብሎ የማያውቀው፣ ቀስ እያለ ተዘረጋ። ጥላው በፊታቸው ላይ አለፈ። ከዚያ ደረቅ ሆነ። ሐረገወይን እልልታውን ለቀቀችው፤ ከጎረቤት ክንፎች ሮጠው ሥሩ የተጠለሉትን ጨምሮ አርባ ሦስቱም ተቀበሏት። ሸማኔዎቹ አጨበጨቡ። ዓይናዲስ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጠብታ ጠበቀች፤ ምንም አልወረደም። ከደስታዋ ብዛት ሳቋን መግታት አቃታት።

እየሳቀች ዘወር ስትል ነው አያ ባዬን ያየችው። አያ ባዬ ጃንጥላ ጠጋኝ ናቸው፤ አምስተኛው ክንፍ ሥር ነው የሚቀመጡት። አሥረኛው ክንፍ ሲዘጋ የእሳቸው ተከፍቷል። ሃያ የሚያህሉ የተጠገኑ ጃንጥላዎች ዙሪያቸውን ተደርድረው፣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ዝናብ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናዲስ ሮጣ ደረሰች።

«አያ ባዬ! ምነው አንዱን ጃንጥላ አይዘረጉም?»

«የሰው ነው» አሉ ሽማግሌው። «ባለቤቱ ሳይወስደው ከዘረጋሁት ያገለገለ ይሆንበታል። ደግሞ ምን ሆኖ ነው ይሄ? እስከ ዛሬ ሸጋ ጣሪያ ነበር።»

ዓይናዲስ የጽጌሬዳን የዝናብ ልብስ አውልቃ ትከሻቸው ላይ ጣለችላቸው። ወደ ፈትል ተራ አየች፤ ሴቶቹ አሁንም ይጨፍራሉ። ስምንት ብቻ ነው የሚችለው ብሎ አስናቀው ነግሯት ነበር፤ ያኔ ግን ስምንት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አላሰበችውም። የእነሱ ሲዘጋ የማን እንደሚከፈት አልጠየቀችም። ጠዋት ፋንታሁን ማንን እናፈናቅላለን ሲል የሰማችው ድምፅ አሁን ከራሷ አፍ የወጣ መሰላት። ነገ አያ ባዬ የልጅ ልጆቻቸውን ከነስልካቸው ቢጠሩስ? ከነገ ወዲያ ነጭ ሽንኩርት ሻጮቹ?

አስናቀውን ከክፍሉ ጎትታ አወጣችው። «መብራት ድርግም ቢል ይሄ ጣሪያ በምን ይዘጋል?»

አስናቀው አመነታ። ከዚያ በአቅራቢያው ወዳለው ምሰሶ ወስዶ፣ ከወገብ ከፍ ብሎ የተገጠመ ቁልፍ ያለበት ትንሽ የብረት ሳጥን አሳያት። «ውስጡ መዘውር አለ። በእጅ ሲዞር ክንፉ ይዘጋል፤ ጥርስ ስላለው ያለ ባትሪም እንደተዘጋ ይቆያል። ግን ለጥገና ነው የተሠራ። ያለ ኢንጂነሩ ፈቃድ አልከፍትም፤ እንጀራዬ ነው እትዬ።»

«አትክፈት» አለች። «ኢንጂነሩ በስምንት ሰዓት ይመጣል።»

በስምንት ሰዓት መጡ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢው አቶ ዳኛው ጥቁር ጃንጥላ የዘረጉ፣ ቶሎ ተፈራርሞ ወደ ቀጣዩ ስብሰባ የሚሮጥ ሰው አረማመድ ያላቸው ናቸው። ፋንታሁን ከጎናቸው ሆኖ ላፕቶፑን በክንዱ ደግፎ ያስረዳል። ካፊያው ቆሞ ነበር፤ በኮሶዬ በኩል ግን ሰማዩ ጠቁሯል። ፈትል ተራ ሲደርሱ ፋንታሁን ስክሪኑን አየና ቆመ።

«ይቅርታ፣ አንድ ብልሽት ያለ ይመስለኛል» አለ። «እነዚህ አራቱ ናቸው ይነሡ ያልኩት። አራት ወር ሙሉ ሰው ያልተመዘገበበት ቦታ ነው፤ ዛሬ ብቻ...»

«ብልሽት አይደለም» አለች ዓይናዲስ ከቱባዎቿ መሐል ተነሥታ። «እኛ ነን።»

ፋንታሁን ቀና አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ በሚጠራት ስም፣ ሰው መኖሩን ረስቶ፣ «እቴቴ?» አለ። ከዚያ ዓይኑ ከእሷ ወደ ቱባዎቹ፣ ከቱባዎቹ ወደ መሬቱ ሄደ። ትናንት የወረደው ቀይ ቀለም ድንጋዩ ላይ ደርቆ ነበር። ፊቱ ሲለዋወጥ አየችው፤ ቢሆንም አልተቀመጠችም።

«እናታችን፣ እርስዎ ማን ነዎት?» አሉ አቶ ዳኛው።

«ዓይናዲስ እባላለሁ። አሥረኛው ክንፍ ሥር ፈትል እሸጣለሁ። ይሄን ጣሪያ የሠራው የወንድሜ ልጅ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን ጣሪያው የሚያየው ስልክ ነው። ዛሬ ጠዋት ስልክ ያለውን ሰው ሁሉ ጠራንና አየን፤ ተዘጋልን፤ እልል አልን። የእኛ ሲዘጋ ግን የአያ ባዬ ተከፈተና ሽማግሌው በዝናብ ተደበደቡ። ነገ እሳቸው ሰው ጠርተው የእኛን ሊያስከፍቱ ነው? እኛ እዚህ የመጣነው ለመሥራት ነው ጌታዬ፤ ለጣሪያ ስንጯጯህ ልንውል አይደለም።»

አቶ ዳኛው ወደ ፋንታሁን ዞሩ። ፋንታሁን ላፕቶፑን አጠፈው።

«ያቀረብኩትን ሐሳብ አንሥቻለሁ» አለ። «አራቱ ክንፎች መነቀል የለባቸውም። ጥፋቱ የጣሪያው አይደለም፤ የእኔ ነው። ስልክ ቆጥሬ ሰው ቆጠርኩ ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። አክስቴ የት እንደምትቀመጥ እንኳ አራት ወር አልጠየቅኋትም። ማታ ማታ እኮ አንድ ቤት ነው የምንገባው።»

አቶ ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የቸኮሉ ሰው ናቸው። «ይሄ ሁሉ ይገባኛል» አሉ። «ባትሪው ግን ስምንት ነው የሚችለው። ተጨማሪ ባትሪ የሚገዛ በጀት የለኝም። አራት ክንፍ ያለ ሥራ ቆሞ ከሚቀር መኪና ማቆሚያው ቢወስደው ምን ይላሉ? ዛሬ መፈረም አለብኝ።»

«አንድ ሸማኔ በእግሩ ብቻ ረግጦ ስንት መቶ ድር እንደሚያነሣ ያውቃሉ?» አለች ዓይናዲስ። «እኛ ዕድሜ ልካችንን ስንስብ፣ ስናዞር፣ ስንጠመዝዝ የኖርን ነን። ምሰሶው ላይ መዘውር አለ። ቁልፉን ይስጡን።»

«እቴቴ፣ ከባድ ነው» አለ ፋንታሁን። «ለሁለት ወንድ ቴክኒሻን ነው ያሰብኩት።»

«ታዲያ እኛም ሁለት ሁለት እንሆናለን።»

ያን ጊዜ ዝናቡ መጣ። ከኮሶዬ በኩል ግድግዳ ሆኖ፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮውን እያንኳኳ ወረደ። ፋንታሁን ለአስናቀው ራሱን ነቀነቀለት፤ አስናቀው ቁልፎቹን ከቀበቶው ፈትቶ እየሮጠ ሳጥኖቹን ከፈተ። አሥረኛውን ሞተሩ ራሱ ዘጋው፤ ዘጠነኛው ምሰሶ ላይ ዓይናዲስና ሐረገወይን እጀታውን ከሁለት ወገን ያዙ። መጀመሪያ አልነቃነቅ አለ። ሐረገወይን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ምሰሶው ላይ አስደገፈች፤ ዓይናዲስ በደረቷ ተጫነችው። ቀጭ አለ አንድ ጥርስ። ቀጭ፣ ቀጭ። ዝናቡ አንገታቸው ሥር ይገባል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዞራሉ። አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው ላይ ሌሎቹ ሴቶች ተጠምደዋል። በአራት ደቂቃ ውስጥ ዘጠነኛው ተዘረጋ፤ ትንሽ ቆይቶ የቀሩት ሁለቱ ተከተሉ። ሐረገወይን እጇን እያራገፈች «አምስተኛው!» ብላ ጮኸች፤ ሸማኔዎቹ ቀድመዋት ደርሰው ነበር። የአያ ባዬ ምሰሶ እየተንጫረረ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየተነሣ ክንፉን ዘጋ።

አሥራ ሁለቱም ክንፎች አንድ ላይ ተዘግተው ማንም አይቶ አያውቅም፤ የሠራው ፋንታሁንም ቢሆን። ገበያው በሙሉ አንድ ቤት ሆነ። ከላይ ዝናቡ ከበሮ ይመታል፤ ከሥር ጠብታ የለም። ነጋዴው ሁሉ አንጋጠጠ። ከዚያ እልልታው ከፈትል ተራ ተነሣ፤ ነጭ ሽንኩርት ተራ ተቀበለው፤ ጭማቂ ቤቱ ድረስ ሄደ። አቶ ዳኛው ጃንጥላቸውን አጠፉት። ቆመው ዙሪያውን አዩና ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊው፣ «ጻፍ» አሉት። «አሥራ ሁለቱም ክንፎች ባሉበት ይቆያሉ። የመዘውሩ ቁልፍ በየተራው ለአንድ ተጠሪ ይሰጣል።»

«ይጨመርበት» አለ ፋንታሁን። «ሞተሩ መጀመሪያ መዘውር ማዞር ለማይችሉት ይሠራል፤ ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ብቻውን ለተቀመጠ ሰው። አስናቀው ጠዋት ጠዋት ዞሮ የተቀመጠውን ሰው በስሙ ይመዘግባል፤ ካርታው ላይ ስልክ ያለውም የሌለውም እኩል ይበራል። ፕሮግራሙን ነገ እቀይረዋለሁ።»

«የፈትል ተራ ተጠሪ ማን ልበል?» አለ ጸሐፊው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ዓይናዲስ ጠቆሙ። ፈረመች። ፊርማዋ ከመስመሩ ወጥቶ የሚቀጥለውን ሰው ቦታ ያዘ።

ኮሚቴው ሲሄድ ፋንታሁን አልሄደም። አክስቱ አጠገብ መጥቶ ቆመ። «ምነው አልነገርሽኝም?» ሊል አፉን ከፍቶ ያ ጥያቄ የእሱ እንዳልሆነ ገባው መሰል፣ ተወው። ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳማት። እሷም ራሱን ዳበሰችው፤ ፀጉሩ ርሷል።

«ልጄ!» ብለው ተጣሩ አያ ባዬ ከወዲያ። «ይሄ የኔ መዘውር ይንጫረራል። ዘይት አለኝ፤ ጉልበት ያለው ሰው ነው ያጣሁ።»

ፋንታሁን ኮቱን አውልቆ ለአክስቱ ሰጣት፤ የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ብቻ አጠፍ አድርጎ ሄደ። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ተንበርክኮ ጥርሶቹን አንድ ባንድ ቀባ። ከዚያ አራተኛው ምሰሶ ላይ ያሉት ነጭ ሽንኩርት ሻጮች ጠሩት፤ የውኃ መውረጃው እነሱ ላይ ነው የሚተፋው። ሦስተኛው ላይ አንዲት ሴት ደረጃው ለተሸከመ ሰው ከፍ እንደሚል በእግሯ እየለካች አሳየችው። ሁለተኛው ላይ ሚዛን የሚሰቀልበት ቦታ የለም አሉት። ዓይናዲስ ኮቱን ታቅፋ ከኋላው ትከተላለች፤ የእያንዳንዱን ሰው ስም ትነግረዋለች። ላፕቶፑን የአስናቀው ክፍል ትቶት ስለነበር ሁሉንም በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ይጽፋል። ጭማቂ ቤቱ ጋ ሲደርሱ መዳፉ ሞላ። እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቀለለና «ቀጥይ እቴቴ፣ ይሄኛውስ ማን ነው?» አላት።